ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ ኃላፊ፦ የነፍሰ ጡሯ የቂጥኝ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን ይሠራ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሳቢያን ነው። የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የታናሽ እህቴን የክትትል ካርድ ይዤ ስመላለስ የከረምኩ ሰው ነኝ። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በ32ኛ ሳምንቷ ወለደች። ሌሊት በተኛችበት የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። የጎረቤት ባጃጅ ቀስቅሰን ወሰድናት። ልጁ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነበር። መጥባት አልቻለም፤ የእናቱ ወተት ታልቦ በቱቦ ነበር የሚሰጠው። እህቴ ደረቷ ላይ አስራ በገላዋ ስታሞቀው ሰነበተች።

ሰፈሩ ሁሉ "ሙቀቱ ነው" አለ። እናታችን ደግሞ "ጀሪካን ስታነሳ ዝም ብዬ አየኋት" እያለች ራሷን ስትወቅስ ነበር። የእህቴ ደም ሲመረመር ግን ቂጥኝ ተገኘባት። ሐኪሙ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ መማል እንደማይቻል ነገረን። ሆኖም ቂጥኝ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱን እንደሚይዝ፣ ልጅን ያለ ጊዜው እንደሚያስወልድ፣ ሆድ ውስጥ እንዳለም ሊገድለው እንደሚችል አስረዳን።

እኔን ያንገበገበኝ ካርዱን ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ነው። እህቴ ክትትል የጀመረችው በሦስተኛ ወሯ ነው። በጊዜ ሄዳለች። የዚያን ቀን "ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አልቋል፣ ውጭ አሠርተሽ ነይ" ተባለች። ውጭ ማሠራት ገንዘብ ነው። "ሲመጣ እዚሁ እሠራለሁ" ብላ ተወችው። በሁለተኛው ቀጠሮ የጠየቃት የለም፤ በሦስተኛውም። የቂጥኝ ውጤት የሚጻፍበት ቦታ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። አዋላጆቹ ምሳ ሳይበሉ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ሰው ለማስቀጣት አይደለም የምጽፈው።

መድኃኒቱ እኮ ያለ ነገር ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት። በሽታው በቅርቡ የያዛት ከሆነ አንድ ጊዜ ትወጋለች። ከቆየ ወይም መቼ እንደያዛት ካልታወቀ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ነው። ልጁን በደንብ እንዲጠብቀው ግን ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መጀመር አለበት። እህቴ ያ ሁሉ ጊዜ ነበራት። እሷ በሦስተኛ ወሯ ሳትወጋ ቀርታ፣ ልጇ በዚያች ቀጭን ገላው አሥር ቀን ሙሉ ተወጋ። ነርሷ ሥሩን ስትፈልግ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። ነፍሰ ጡሯ በመጣችበት ቀን ትመርመር፣ ውጤቷን ይዛ ትውጣ፣ ካለባትም ያኔውኑ ትወጋ። ኤችአይቪንና ቂጥኝን አንድ ላይ የሚያሳይ የጣት ደም ምርመራ አለ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ለነፍሰ ጡሮች የመጀመሪያ ምርመራ ሆኖ እንዲሠራበት መክሯል። አንዱ ጤና ጣቢያ መመርመሪያው ሲያልቅበት ከሌላው ይጠይቅ። ድሬ እኮ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ምን ያህል ነው? በሙቀት የምትንገላታዋ ነፍሰ ጡሯ ከምትሆን የደም ናሙናዋ ይመላለስ።

ሁለተኛው የባል ነገር ነው። እህቴ ታከመች፤ ባሏን ግን የጠራው ሰው አልነበረም። እሱ ሳይታከም ቢቀር በሽታው ወደ እሷ ሊመለስ ይችል ነበር። እኔው ነኝ ለምኜ የወሰድኩት። እሱም ቢሆን እናቶች በሞሉበት አዳራሽ ወንበር ላይ መቀመጥ ከብዶት ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሷል። የበሽታው ስም ያልተጻፈበት የጥሪ ወረቀት፣ ፀሐይ በረድ ሲል አመሻሹ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል ቢኖር ብዙ ወንድ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ውጤትም በር ተዘግቶ ይነገር። "ቂጥኝ" የሚለው ቃል ከመጋረጃ ጀርባ ከተሰማ እስከ ማታ ሰፈር ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፤ ትዳር ይፈርሳል።

ሌሎቹንም የአባላዘር በሽታዎች አደራ። ጨብጥና ክላሚዲያ ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። ከእነሱም ሆነ ትሪኮሞናስ ከሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ጋር ያለ ጊዜው መውለድ ይያያዛል። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚታከመው በአብዛኛው ምልክት ታይቶ ነው፤ ምንም ያልተሰማት ታልፋለች። ለቲቢ የሚያገለግለው ጂንኤክስፐርት ማሽን ለእነሱ የተሠራ ካርትሪጅ (ናሙናው የሚገባበት ዕቃ) ከመጣለት ጨብጥና ክላሚዲያንም ይመረምራል። ቢሮው ቢያስብበት። እስከዚያው ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ቁስል፣ ስለ ሽንት ማቃጠል እያንዳንዷ በምትሰማው ቋንቋ ትጠየቅ፤ በኦሮምኛም በሶማልኛም። ተርጓሚ ሆኖ የመጣው ባል ወይም አማች ከሆነ የትኛዋ ናት እውነቱን የምትናገረው?

ልጁ አሁን ስድስት ወሩ ነው። ጉንጩ ሞልቷል፤ ከሰው ሁሉ ጋር ይስቃል። ካርዱ እኔ ጋር አለ። ቀጠሮ ቢሰጡኝ ስሟን ሸፍኜ ቢሮዎ አመጣዋለሁ፤ ያቺን ባዶ ቦታ በዓይንዎ እንዲያዩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሳቢያን ነዋሪ
ድሬዳዋ