የዘይቱንም ዋጋ ለገበያው ይተዉለት፦ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ ነው። እናቴ እዚሁ ጉልት ላይ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች አሳደገችኝ። ዛሬ እኔም ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና እሸጣለሁ። ስለ ዋጋ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኑሮ እንደሚከብድ እያወቅኩ ውሳኔውን ደግፌዋለሁ። ባንክ ቤት ይለጠፍ የነበረው ዋጋ እውነተኛ አልነበረም። በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኘው ሰው ያለው ብቻ ነበር። የቀረው ጥቁር ገበያ ይሄዳል።

ነሐሴ ሲገባ ግን ዋጋ ጨመራችሁ እየተባለ በየከተማው ሱቅ ይታሸግ ጀመር። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ዶላሩ ሲወደድ በዶላር የሚመጣው ዘይት እንዴት በቦታው ይቀመጣል?

የማውቃት አንዲት ባለ ሱቅ አለች። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳሸጉባት መናገሩ ለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም። ባለ አምስት ሊትሯን ዘይት በድሮው ዋጋ ሸጣ ጨረሰች። በማግስቱ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ስትሄድ፣ የሸጠችበት ገንዘብ ያንኑ ጀሪካን አልገዛ አላት። ጨምራ ገዛች፤ ጨምራ ሸጠች። ከዚያ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። በሦስተኛው ቀን ሳልፍ መስኮቱ ላይ የቀረው ዳቦ ሻግቶ ነበር። ከውጭ ይታያል። እሷም ቁልፉን ይዛ ደጁ ላይ ቆማ ታየዋለች። ያን ዳቦ እስካሁን አልረሳሁትም።

ክቡር ሚኒስትር፣ ገበያ ሲወጣ የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጤፍ ስንት ዋለ?» ብሎ ነው። ዋጋ ማለት ወሬ ነው፤ የሩቁን ሁኔታ የሚነግር ወሬ። የደምቢያ ገበሬ ሽምብራ ተወደደ ሲባል ጎተራውን ይከፍታል። ረከሰ ሲባል ያቆያል። ማንም ስብሰባ አይጠራውም። በ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኢኮኖሚስት ፍሪድሪክ ሃየክ የተከራከሩት ይህንኑ ነው። ስለ ገበያ ያለው እውቀት በሚሊዮን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተበትኗል፤ የትኛውም ኮሚቴ ሰብስቦ አይጨርሰውም። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ይህን ታውቅ ነበር። ዋጋውን በትእዛዝ ሲያስሩት የሚታሰረው ወሬው ነው። እጥረቱ እዚያው ይቀራል።

እናቴ አንድ ጥያቄ ነበራት። ማንም የሆነ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ «ከዚያስ?» ትላለች። በደንብ ማሰብ የሚባለው ለእኔ ይኸው ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን አወጣ። ለአንድ ሰሞን ደስ አለን። ከዚያስ? ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፋ። ሰልፍ መጣ። ያለው ነጋዴም በጓሮ በር ለሚያውቀው ሰው ይሸጥ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ተመን ተነሣ።

ከዚያ በፊትም በደርግ ጊዜ ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ሰው ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ይህን ያየ ሽማግሌ ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ ይጠይቋቸው። ሥርዓቱ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ነጋዴው ደበቀ ይባላል። የሚደብቅ አለ፣ አልክድም። ግን ዛሬ በትእዛዝ ዋጋ ሸጦ ነገ መልሶ መግዛት የማይችል ሰው ቢደብቅ ምን ይገርማል? መደበቁን ያመጣው ተመኑ ራሱ ነው።

እንዲህ የሚያስቡ ሰዎችን ሊበርታሪያን ይሏቸዋል። እኔም ከነሱ እቆጠራለሁ። ሰው በጉልበቱና በላቡ ያገኘው የራሱ ነው፤ ሁለት ሰዎች ወደው የተስማሙበትን ሦስተኛ ሰው በግድ አያፍርሰው እንላለን። መንግሥት አያስፈልግም ግን አላልኩም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅለውን ይያዙልን። ሚዛን የሚሰርቀውን ይቅጡልን። ውል ያፈረሰውን ፍርድ ቤት ቶሎ ይዳኘው። እዚህ ላይ መንግሥት ጠንካራ ቢሆን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሐቀኛው ነጋዴ ነው።

አቅም የሌለውን ሰው ጉዳይም አውቃለሁ፤ በዱቤ መዝገቤ ላይ ስሙ አለ። መንግሥት ሊረዳው ከፈለገ በግልጽ ከበጀቱ ገንዘብ በእጁ ይስጠው። ከአንዲት ባለ ሱቅ ኪስ ተወስዶ የሚሰጥ እርዳታ ግን ሱቋን ይዘጋታል፤ እሱም የሚገዛበት ያጣል።

ሕገ መንግሥቱም ከእኔ ጋር ነው። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ በነጻ የመሰማራት መብት አለው ይላል። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ጥሩ አደረጋችሁ፤ ብዙ ሻጭ ሲኖር ገዢ ይጠቀማል። ለውጭው ሰው የተከፈተው በር ለጉልት ሻጯም ሊከፈት ይገባል። ጎንደር ድሮም በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር የተገበያየች የነጋዴ ከተማ ናት። መነገድ ያውቅበታል ሰዉ።

ያቺ ሴት ሱቋ በኋላ ተከፍቶላታል። ዘይት ግን ተወች። አሁን ሳሙናና ሻማ ነው የምትሸጠው። የሰፈሯ ሰው አንድ ሊትር ዘይት ለመግዛት የባጃጅ ይከፍላል። ይህ ወጪ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይመዘገብም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ዋጋ ጨመረ ተብሎ ብቻ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሱቅ እንዳይታሸግ በይፋ ይወስኑልን፤ ውሳኔውም እስከ ወረዳ በጽሑፍ ይውረድ። ካልተስማሙበትም ምክንያትዎን በሕዝብ ፊት ይንገሩን። እኛም ሰምተን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ
ጎንደር