የሥራ ትስስር ክበብ ወይስ «ዘመድ ፍለጋ»?

ተማሪዎቻችንን የሥራ ወሬ ከሚነግሯቸው ሰዎች ጋር የሚያስተዋውቀውን ክበባችንን ገና ከጅምሩ «የዘመድ ፍለጋ ክበብ» ያሉት ባልደረቦች አሉ። ሻይ ቤት ስንገናኝ ዛሬም ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። የባለሥልጣን ልጅ ክበብ አያስፈልገውም፤ የአጎቱ ስልክ ቁጥር ይበቃዋል። የእኛ ክበብ አባቱም አጎቱም አራሽ ለሆኑበት፣ ከደብረ ኤልያስ ወይ ከቢቸና ገጠር ለመጣ ልጅ ነው። እሱ ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤት አከራዩ በቀር ማንን ያውቃል?

ነገሩ የእኛ ፈጠራም አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ የቦስተን አካባቢ ሠራተኞችን ጠይቆ በ1973 እ.ኤ.አ. ጥናቱን አሳትሟል። የሥራውን ወሬ ዘወትር ከሚያገኙት ሰው የሰሙት ከአምስት አንድ አይሞሉም። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። እውነት ነው፤ አንድ ዶርም የሚያድሩ አራት ተመራቂዎች አራቱም የሚያነቡት ያንኑ የቴሌግራም ቻናል ነው። አዲስ ወሬ ከየት ይምጣ?

ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን። ሲቪ ጻፍን፣ ቃለ መጠይቅ ተለማመድን፣ ዋይፋዩ ሲፈቅድ ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ሰዎች መተዋወቂያ ድረ ገጽ ላይ ተመዘገብን። ይህን አላስረዝመውም። «ጋሼ ሰላም ነዎት? ሥራ ካለ ይንገሩኝ» የሚለውን መልእክት ግን ማስቀረታችን ያኮራኛል። አሁን ልጆቹ ማንነታቸውን፣ ቁጥሩን ከማን እንዳገኙ፣ ከዚያ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይጽፋሉ።

ቡሬ የሄድንበትን ቀን ደግሞ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በውሰት ሚኒባስ፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፈን አንድ ፋብሪካ ገባን። ሥራ አስኪያጁ አስጎበኙንና «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ጭጭ። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ «ዝም አይነቅዝም» ሲባሉ ያደጉ ናቸው። እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ፣ አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰማሁ ለማለት ይቸግረኛል። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች «እርስዎ መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ፣ ክፍት ቦታ መኖሩን ማን ነገረዎት?» አለች።

ሰውየው ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። የነገራቸው የክፍል ጓደኛቸው ወንድም ነበር፤ ሰርግ ላይ አንዴ ብቻ ያገኙት ሰው። ምሳ ሰዓታቸው እስኪያልፍ አጫወቱን፣ ስልካቸውንም ሰጡን። ልጅቷ ማታውኑ አመስግና ጻፈችላቸው። ክረምቱ ሳይገባ ለንብረት ክፍል ሰው ሲፈልጉ መልእክት የላኩት ለእሷ ነው። እሷ ገና አልተመረቀችም። ግሩፓችን ላይ ለጠፈችው፤ አምና የተመረቀ ልጃችን ተወዳድሮ ገባ። ተወዳድሮ ነው ያልኩት፤ የሻይ ቤት ወዳጆቼ ልብ ይበሉልኝ።

ያልሆነልንም አለ። የባሕር ዳሩ ጉዞ በመንገድ ችግር ቀረ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተመራቂዎቹ ለመውጫ ፈተና ሲከቱ አዳራሹ ጭር አለ። አይፈረድባቸውም፤ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። ሲቪ የምናትምበት ቀለም ጠይቀን «በጀት የለም» ተባልን። በዚያው ሳምንት ለእግር ኳስ ቡድኑ ማልያ ተገዛ። ማልያው ያምራል፤ እኛም አጨብጭበናል።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው የፕሪንተር ቀለምና ለአንድ ጉዞ የሚሆን ነዳጅ ነው። ከቀድሞ ተመራቂዎቻችን ገንዘብ አንፈልግም። ክበባት ቢሮ ጎራ ብላችሁ ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን ቦታና ስልካችሁን መዝገቡ ላይ አስፍሩልን። ልጆቹ ሥራ ስጡን ብለው አይጨቀጭቋችሁም። አንድ አጭር ጥያቄ ይልኩላችኋል፤ እባካችሁ መልሱላቸው።