እማዬ፣ የአባባን ደብተር አነበብኩት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንደኛው የአባባ የዕቃ ሣጥን ነው። ዝገት እየበላው ነው፣ የሚገዛ ሰውም መጥቷል፣ ምን ላድርግ አልሽኝ። ሁለተኛውን ግን እንደ ዋዛ ነው ያነሳሽው። «በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኮ አላናግረኝ ብሎ ነበር። ምን እንዳስቀየምኩት ሳላውቅ ሄደ» አልሽ። ወዲያው ወሬ ቀየርሽ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ።

ስለ ሣጥኑ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ስለ አባባ ጆሮ ልንገርሽ።

እንደ ሌሎች መካኒኮች ሞተር አጠገብ ሲደርሱ ቁልፍ እንደማያነሱ ታስታውሺያለሽ። የወፍጮው ባለቤት እየተጣደፈ «ቆመብኝ፣ እህሉ ተከምሮ ሰዉ ተሰልፏል» ሲላቸው እንኳ አይቸኩሉም። «አስነሳው እስቲ» ይላሉ። ከዚያ ያን ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣሉ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቦታ እየቀያየሩ ያዳምጣሉ። ብረቱ ድምፁን ከውስጥ ይዞ ይመጣል። የላላ ቫልቭ ቀጭን ትክ ትክ ነው። የተበላ ኩሽኔታ እንደሚያጉረመርም ሰው ነው። እኔን ጠርተው አንዴ ይኼን፣ አንዴ ያንን ያሰሙኝ ነበር። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባትሪ ያዥ እኔ ነበርኩ።

ጭሱንም ያነባሉ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፣ መጀመሪያ ማጣሪያውን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞቆም ነጩ ጭስ አልጠፋ ካለ ወይ ውሃ እየገባ ነው፣ ወይ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። እስካሁን መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ሳላስበው ጭሱን አያለሁ።

አንድ ማታ «የዚህ ሞተር እሳት የሚጭረው ካንዴላ የታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም» አሉኝ። አየሩን ብቻ ይጨምቀዋል። ከ15 እስከ 20 እጥፍ አካባቢ ይጨምቀዋል። እንደዚያ የተጨመቀ አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ከዚያ ይህን ሞተር ስለፈለሰፈው ስለ ሩዶልፍ ዲዝል ነገሩኝ። ሰውዬው ሙከራውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ጀምሮ በወጉ የሚሠራ ሞተር ያሳየው በ1897 ነው። ከዚያ በኋላ ብሎን አልፈታ ብሎኝ ሳለቅስ «አራት ዓመት!» ይሉኛል። ሌላ ምክር አይጨምሩም። እኔም እንባዬን ጠርጌ ቁልፉን መልሼ አነሳለሁ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የትራክተሩ ቴስታታ፣ ያ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ የወረደ ቀን ትዝ ይልሻል? ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድረዋቸው ነበር። ማታ ሲቆጥሩ አንድ ዳዶ ጎደለ። የቴስታታ ብሎን ደግሞ አንዱ ቢጎድል ሥራው አይሄድም። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ሁሉም ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ነው የሚጠብቀው። አንዱ ጋ ከላላ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በዚያ በኩል ይነፍሳል። አንቺ ፋኖስ ይዘሽ መጣሽ። ሁላችሁም በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ አፈሩን ስትዳብሱ አመሻችሁ። ዳዶው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሲያብረቀርቅ አምሮኝ ወስጄው ነው። ከዚያ ፈራሁና ዝም አልኩ። አባባ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። «በቃ፣ ደክሞት ይሆናል፣ ነገ ይመጣል» አሉ። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ወስጄ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት። ቆጠሩት። ምንም አላሉም። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ዛሬ ልጄ የሰው ዕቃ ሰብሮ ሲደብቅ ልጮህበት አፌን እከፍትና ያ ዳዶ ትዝ ይለኛል።

ሰውንም እንደዚያ ነበር የሚይዙት። የውሃ ፓምፑ በሌሊት ቆሞ ሲጠሯቸው ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ነው። ናፍጣው አልቆ ደርቋል፣ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ናፍጣ ቢሞላም ሞተሩ አይነሳም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። እሳቸው ባለቤቱን አጠገባቸው ያስቀምጡትና ትንሿን ብሎን ያሳዩታል። «እዚህ ጋ ላላ አድርጋት። በእጅ ፓምፑ ግፋ። አረፋው እስኪያልቅ ጠብቅ። ንጹሕ ናፍጣ ሲወርድ እሰራት።» በሚቀጥለው ጊዜ ሰውዬው አይጠራቸውም፣ ራሱ ይሠራዋል። ሰዎች «እንዲህ ካስተማርክ ማን ይፈልግሃል?» ይሏቸው ነበር። አንቺም አንድ ሁለቴ ብለሻቸዋል። እኔ ግን የቀብራቸው ቀን ያንን ሕዝብ ሳይ ማን እንደፈለጋቸው አወቅሁ።

እጃቸውን የሚታጠቡበትን ሥርዓት ደግሞ እንዴት እረሳዋለሁ። መጀመሪያ በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና። ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር መስመር ግን በጭራሽ አይለቅም። ታናሼ ስትወለድ መዳፋቸውን ወደ ውጭ ገልብጠው በክንዳቸው ብቻ ሲያቅፏት አይቻለሁ። ቅባቱ እንዳይነካት ነው። አንቺ እየሳቅሽ «ያዛት እንጂ፣ አትሰበርም» ስትያቸው ይታየኛል።

እማዬ፣ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ያ ጆሮ ነው የተበላሸው። በአንድ ቀን አይደለም፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ፈጅቷል። እኔም ያወቅሁት ከሞቱ በኋላ፣ ይህን ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ነው። ሰው በቀን 8 ሰዓት ያህል ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል የሚለካበት ነው) በላይ የሆነ ድምፅ ውስጥ ከዋለ ጆሮው ይጎዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቻለው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጋቢና የሌለው የድሮ ትራክተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ የሚሰማው ወደዚያ የሚጠጋ ነው። አባባ ደግሞ ከ15 ደቂቃ በላይ እንደቆዩ አንቺም እኔም እናውቃለን። ቀኑን ሙሉ ነበር። ጆሯቸው ላይ ጥጥ እንኳ አያደርጉም። በጥጥ እንዴት ያዳምጣሉ?

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች አሉ። ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚሞቱት ደግሞ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ወፍራሙ የሞተር ድምፅ ይቆያል። የሴትና የልጅ ድምፅ ይደበዝዛል። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» የሚባሉት ድምፆች ይጠፋሉ። ቃሉ ተቆራርጦ ይደርሳል። የሚናገር ሰው እንዳለ ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። እንደዚህ ዓይነት ሰው መጀመሪያ «ምን አልሽ?» ይላል። ከዚያ መጠየቁ ያሳፍረዋል። በኋላ ራሱን እየነቀነቀ ዝም ይላል።

አስቢው እስቲ። ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር፣ ድምፃቸው ወፍራም ከሆኑት ጋር፣ እስከ መጨረሻው ያወሩ ነበር። አንቺም እኮ እሱን ነበር የምታዝኚበት፣ «ከሰው ጋር ይጫወታል፣ ከኔ ጋር ብቻ» እያልሽ። ድምፅሽ ቀጭን ስለሆነ ነው እማዬ። ሌላ ምክንያት የለም።

ይህን በግምት ብቻ አይደለም የምልሽ። ለቅሶው ሲያልቅ ያን የዘይት ሽታ ያለውን ደብተራቸውን ይዤ እንደሄድኩ ታውቂያለሽ። ለመክፈት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። በየገጹ የሞተር ስም አለ። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ትራክተሩ 250 ሰዓት መቼ እንደሚሞላ፣ የማን ወፍጮ ችንጋ እንደተበጠሰ ይላል። ያለቀ ሥራ ጎን ላይ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ያደርጋሉ። ያላለቀው ባዶውን ይቀራል። እኛም አለን። እኔ የተወለድኩበት ቀን እንዲህ ይላል፦ «የወፍጮው ዘይት ተቀየረ። ሴት ልጅ ተወለደች። እናትየዋ ደህና ናት።» ሦስቱም ጎን ምልክት አለ። «እናትየዋ ደህና ናት» ጎን ላይ ያለው ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ደርሷል።

ወደ መጨረሻው አካባቢ የእጅ ጽሑፋቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ገጽ ላይ የሞተር ስም መሆን በነበረበት ቦታ «ጆሮ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ እንደ ማንኛውም ብልሽት ምልክቱን ዘርዝረዋል። ልገልብጥልሽ፦

«የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። የወንድ ድምፅ ይሰማል። የእሷ አይለይም። ፊቷን ሳይ ጥቂት ይገባኛል። ሲጨልም ምንም። ለእሷ መንገር።»

«ለእሷ መንገር» ጎን ላይ ምልክት የለም።

ያን ገጽ ሳነብ ምን እንደሆንኩ ልጽፍልሽ አልችልም። ለምን እንዳልነገሩሽ ግን የገባኝ ይመስለኛል። መንደሩ ሁሉ የሚያምነው ጆሯቸውን ነበር። ጠፋ ብለው አንዴ ከተናገሩት ሞተር ይዞላቸው የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋ ፈርተዋል። አንቺ ደግሞ በጣም ታዝኛለሽ ብለው ይሆናል። ልክ አልነበሩም። ቢነግሩሽ ኖሮ ጠጋ ብለሽ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠሽ፣ ቀስ እያልሽ ታወሪያቸው ነበር። እነዚያ ዓመታት በከንቱ አለፉ። በዚህ አዝንባቸዋለሁ፣ ይህን አልደብቅሽም።

ግን አንድ ነገር አስታውሺ። ማታ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ አጠገብሽ ተቀምጠው ዝም ብለው ፊትሽን ያዩ አልነበር? «ምን ያፈጥብኛል?» ትይ ነበር። እያዳመጡሽ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ወደ ወፍጮው ሲሄዱ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ ማድረግ ትተው ነበር። መዳፋቸውን የሞተሩ አካል ላይ ያሳርፉ ነበር። ንዝረቱን በእጃቸው ነው የሚለዩት። ያኔ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ባትሪ ያዥዋ እኔ ሆኜ ሳላየው መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ።

አሁን ስለ ሣጥኑ። ለሚገዛው ሰው አትሽጪው። አባባ ያስተማሩት ልጅ አሁን የራሱ ሥራ አለው፣ ግን ዕቃው አልተሟላም። ቁልፎቹን፣ ፒንሳዎቹን፣ ክሪኩን፣ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸውን ስስ ብረቶች ሁሉ እሱ ይውሰድ። ብረቶቹን በናፍጣ አጥቦ ዘይት ቀባ ቢያደርጋቸው ዝገቱ ብዙ አልገባባቸውም። ገንዘብ አትቀበዪው። ረጅሙን ካቻቢቴ ግን አስቀሪልኝ። እጀታው ተሰንጥቋል፣ ጨርቅ ጠምጥሚበት።

በሚመጣው ወር መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ደብተሩን ይዤው ነው የምመጣው። ገጹን በጣትሽ አሳይሻለሁ። ብዕርም እይዛለሁ። ያ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ምልክቱን አንቺ ታደርጊበታለሽ።

ልጅሽ