ጣሪያው ወደቀ እንጂ ቦይለሩ አልተነካም፦ ለእንፋሎት መብራታችን የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖቻችን። አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ የቀበሌያችን ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የእንፋሎት መብራታችን ማለት እንጨት አንድደን፣ በቦይለሩ (ውሃ ታፍኖ በሚፈላበት የብረት ጋን) እንፋሎት ሞተር አዙረን፣ ሞተሩ በሚያዞረው ዲናሞ (ኤሌክትሪክ ማመንጫ) አምፖል የምናበራበት ነው። ይህን የምንጽፈው ደክሞን ነው፤ ከእናንተ የምንደብቀው ነገር የለም። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ያ ከባድ በረዶ የወረደ ማታ የሞተር ቤቱ ጣሪያ ተደረመሰ። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ወራጁ ተሰብሮ ጭስ ማውጫውን አጎበጠው፣ የእንፋሎት ቱቦውን ገነጠለው፣ ዲናሞው ላይም ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲወርድበት አደረ። ቦይለሩ ግን ደህና ነው። እሳት አልነበረበትም፣ ሰውም አልተጎዳም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ።

ለጣሪያው የመደብነው 32,000 ብር ብቻ ነበር። ማገርና ወራጅ ለመቆጠብ ብለን ክዳኑን ብዙ ሳናዘነብል አስመታነው፤ በረዶው መንሸራተት አቅቶት እላዩ ላይ ተከመረ። የኮሚቴው ውሳኔ ነበር፣ ስህተት ነበር፣ ኃላፊነቱም የእኛው ነው።

ሌላ ስህተት ሲነገረን ግን ዝም ማለት አንችልም። «ለውሃ ፍተሻ 29,000 ብር አወጡ፣ እሱ ደግሞ አንድ አምፖል አያበራም» የሚል ወሬ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እየተወራ ነው። እውነት ነው፣ አምፖል አያበራም። ግን እስቲ ነገሩን እንየው። እዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለን ከፍታ ክፍት ድስት 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በቦይለር ውስጥ በ6 ባር ግፊት የታፈነ ውሃ ግን 165 ዲግሪ ይደርሳል። ያ ውሃ ድንገት ከተለቀቀ ከፊሉ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ በክፍት አየር አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ቤቱንም ቤቱ ውስጥ ያለውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ የሚፈተሸው። ቦይለሩን አየር እስከማይቀርበት ድረስ ሞልተህ በእጅ ፓምፕ ከመሥሪያ ግፊቱ በላይ ትጨምቀዋለህ። ውሃ ብዙም ስለማይታመቅ፣ ብየዳው ቢለቅ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም።

በወጣትነታቸው ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሠሩት አባታችን «ይህ ሳይደረግ እሳት የሚለኩስ ሰው ካለ እኔ የለሁበትም» ብለው ቁጭ አሉ። እሳቸውን ሰማን። በመጀመሪያው ፍተሻ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 7 ባር ላይ ሲደርስ፣ ከእሳት በሩ በላይ ያለው ብየዳ ላይ የእንባ ዘለላ የምታክል ውሃ ብቅ አለች። በያጁ ልጅ በአውራ ጣቱ ጠረጋት። ተመልሳ መጣች። አሁንም ጠረጋት፣ አሁንም መጣች። ልጁ ፓምፑን አስቁሞ ላሜራው ላይ እጁን አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የራሱ ብየዳ ነበር። ተቆርጦ እንደገና ተበየደ፣ እንደገና ተፈተሸ። በሁለተኛው 9 ባር ላይ 30 ደቂቃ ሲቆይ የጌጁ ቀስት ንቅንቅ አላለም። 29,000 ብር የሄደው እዚህ ላይ ነው። ነገም ቢሆን እናወጣዋለን።

እስካሁን ከእናንተ የሰበሰብነው 418,600 ብር ነው። ትልቁ ገንዘብ፣ 146,000 ብር፣ ለላሜራና ለቱቦ ሄደ። ዲናሞው፣ ያውም ያገለገለ፣ 78,000 ብር ፈጀ። የቶርኖውም (የብረት መቅረጫው) ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ሞተሩ ድሮ እህል ሲፈጭልን የኖረው የወፍጮ ሞተር ነው፣ ክራንኩና ቮላኖው (ከባዱ መሽከርከሪያ) እንዳለ ሆኖ ለእንፋሎት የሚሆነው ቫልቭ አዲስ ነው የተሠራለት። ደረሰኙ በሙሉ እድሩ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት ነው፣ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ኮሚቴው ለአበልም ለትራንስፖርትም አንዲት ብር አልነካም።

ደግሞ የሆነውን አንርሳ። ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ግፊቱ 5 ባር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ተነሳ። አሥራ አንድ አምፖል በራ፣ ለ47 ደቂቃ። ባለ 100 ዋቱን አሮጌ አምፖል የመረጥነው ዲናሞው ሸክም እንዲሰማው ብለን ነው፤ ያው 1,100 ዋት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢሆን ከመቶ አምፖል በላይ ያበራል። ግፊቱ ከተነሳ በኋላ የበላውን እንጨት በወፍጮ ቤቱ ሚዛን መዘንነው፤ 11 ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ። ከእንጨቱ ጉልበት መብራት የሆነው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ነው። ትንሽ ነው፣ እናውቃለን። ግን የሚነደው ግንዱ ሳይሆን ጣውላ ቤት የሚጥለው ቁርጥራጭና ቅርንጫፍ ነው። ተርፎ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ለጤና ኬላው ውሃ ያሞቃል። በስልክ መብራት የወለደች እናት ታውቀዋለች።

«በዚህ ዘመን እንፋሎት?» ለምትሉን፣ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ ገለባ አንድደው በእንፋሎት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ የአዲስ አበባው ረጲም ቆሻሻ አቃጥሎ የሚያመነጨው በእንፋሎት ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው የሰርኪስ ባቡርም (የመንገድ መዳመጫው) እንጨትና እንፋሎት ነበር። ሶላር አንጠላም፣ ፋኖሱ በየቤታችን አለ። ግን የእኛን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ስንት ቀን ታያለች?

ለሕዳሴ ግድብ ከ2003 ጀምሮ ከደመወዛችንም ከእህላችንም ሸጠን ቦንድ ገዝተናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አልቅሰናል፣ የደስታ ነው። መስመሩ እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ልጆቻችን በጨለማ ማጥናት የለባቸውም።

አሁን የሚያስፈልገው 185,000 ብር ነው። 92,000ው ለጣሪያ፣ ዘንድሮ በደንብ ተዳፍቶ በብረት ወራጅ የሚሠራ። የዲናሞውን ሽቦ እንደገና ለማስጠቅለል 31,000። ግፊት ሲበዛ እንፋሎት ለሚያስወጡ ሁለት ሴፍቲ ቫልቮች 24,000፤ አንዱ ቢነክስ ሌላው እንዲተነፍስ። የቀረው 38,000 ለቱቦና ለዚያው ለምትጠሉት የውሃ ፍተሻ ነው። ጣሪያ በተደረመሰበት ቤት ያደረን ቦይለር ዳግም ሳንፈትሽ እሳት አንለኩስም።

ከጥቅምት ወዲህ የገባው 21,300 ብር ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ምንም አልገባም። ገና የሚጎድለን 163,700 ብር ነው። ግንቦት ሳያልቅ ጣሪያው ካልቆመ ሌላ ክረምት በላስቲክ ተሸፍኖ ሊያድር ነው፣ ዝገቱም አይጠብቀንም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። ምጽዋታችሁን፣ ሰደቃችሁን ከዚህ ላይ ጣል አድርጉልን። ወንፈል የለመደ ሕዝብ ነን። ገንዘብ የሌለው የሁለት ቀን ጉልበት ይስጠን፣ ቋሚ ያለው ቋሚ።

ክፍያው በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በድሮው ደረሰኛችሁ ራስጌ ላይ አለ፣ አልተቀየረም። ምክንያት በሚለው ላይ «ለእንፋሎት» ብላችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ከእድሩ ገንዘብ ጋር ይቀላቀልብናል። አሜሪካና ዓረብ አገር ያላችሁም በዚያው ሒሳብ። በግል ስልክ በቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም፤ እባካችሁ አትላኩ። እንደገና እንላለን፦ የጋራ ሒሳብ፣ «ለእንፋሎት»፣ ከዚያ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን። በሦስት ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ካልደረሳችሁ ለጸሐፊው ደውሉ።

ጣሪያው በቆመ በመጀመሪያው ቅዳሜ የውሃ ፍተሻው ይደረጋል። የሚጠራጠር ሰው መጥቶ ከጌጁ አጠገብ ይቁምልን።

የመብራት ኮሚቴው
የካቲት 2018