ቅዳሜ ጢስ ዓባይ፦ ልጆች ይዛችሁ ለምትመጡ

ውድ አባላት፣

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ጠዋት 1 ሰዓት እንነሳ፤ ረፋዱ ላይ ዳገቱ ለልጆች ይከብዳል። የመግቢያ ትኬት ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ቁረጡ።

መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ወደ አላታ ድልድይ ይወርዳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጠባብ ገደል ላይ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ የልጅ እጅ አይለቀቅ። ቀጥሎ ያለው ዳገት አጭር ቢሆንም ከዝናብ በኋላ ጭቃው ያዳልጣል። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ አድርጉ። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ መክሰስ እንበላለን፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 1 ሊትር ውኃ ያዙ። ፍንጣቂው ስለሚያረጥብ ለልጆች ቅያሪ ልብስ አትርሱ።

አራስ ወይም ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ያላችሁ ወንዙን በሚያሻግረው ጀልባ በኩል ሂዱ፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ እኛም በዚያው እንመለሳለን። ዓባይ ከሞላ ግን ጀልባው አይሠራም፣ በድልድዩ መመለስ ግድ ነው፤ ስለዚህ የልጆቹን ጉልበት ቆጥቡ።

የፏፏቴው ውኃ አንዳንዴ የሚሳሳው ከጣና መውጫ ጨረጨራ ላይ ስለሚገደብና ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ነው፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ወንዙ ውስጥ መዋኘት ፈጽሞ አይፈቀድም።