በቪ8 ጥፋት ሃርድቶፑን አትውቀሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመኪና ወጪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አብዛኛው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አንገበገበኝ። «ላንድክሩዘር የሚባለው የቅንጦት መኪና» ብላችሁ ጀመራችሁና የአለቃውን ቪ8፣ ሃርድቶፕ በምንለው የሥራ ላንድክሩዘር የሚሠራውን የወረዳውን አምቡላንስና የክትባት መኪናውን ሁሉንም በጅምላ ጨፈለቃችሁት። ይሄማ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መሪ ላይ ነው። የምነዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዕርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ነበር። አፋር፣ ኦጋዴን፣ ደቡብ ኦሞ፣ ቦረና ሁሉንም አዳርሻለሁ። ስለዚህ የዚህ መኪና ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንነጋገር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

1950 ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ማለቴ ነው። ጃፓን ሰፍሮ የነበረው የአሜሪካ ጦር ወደ ኮሪያ ሲሻገር፣ ጃፓን አዲስ የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል አቋቋመች። ኃይሉም ጭቃና ዳገት የማይበግረው መኪና ፈለገ። ቶዮታ፣ ኒሳንና ሚትሱቢሺ ለውድድር ቀረቡ። ቶዮታ በ1951 መጀመሪያ ሠርቶ ያመጣው መኪና ቢጄ ይባል ነበር። ብዙ አልተራቀቁበትም። የጭነት መኪና ሞተር ወሰዱ፣ 3.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን፤ እሱን ጂፕ በሚመስል አካል ውስጥ ከተቱት።

ከዚያማ ተሸነፉ! የፖሊስ ኃይሉ የመረጠው ሚትሱቢሺ በአሜሪካው ዊሊስ ፈቃድ የገጣጠመውን ጂፕ ነው። ኒሳንም አብሮ ወደቀ፤ የእሱ መኪና ፓትሮል ነው። ዛሬ ዱባይና ሪያድ ያሉ ልጆቻችን በየአሸዋው ላይ ላንድክሩዘርና ፓትሮል ሲፎካከሩ ያያሉ። ሁለቱም የአንድ ውድድር ተሸናፊዎች መሆናቸውን ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ቶዮታ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው በ1951 ኢቺሮ ታይራ የሚባል የሙከራ ሹፌር ቢጄውን ይዞ ፉጂ ተራራን ተያያዘው። እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ከዚያ በፊት መኪና እዚያ ድረስ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ያየ መደበኛው የጃፓን ፖሊስ 289 መኪና አዘዘ፣ እንጀራው እዚያ ላይ ተጀመረ። ሹፌር ነኝና እዚህ ጋ ትንሽ ብኩራራ ይቅር በሉኝ፤ መሐንዲሶቹ ያጡትን ገበያ ያመጣው ሹፌሩ ነው።

ስሙ ደግሞ የተቀየረው በ1954 ነው። እስከዚያ ቶዮታ ጂፕም ይሉት ነበር፤ ጂፕ የሚለው ግን የዊሊስ ስም ስለሆነ ሌላ መፈለግ ነበረበት። ሃንጂ ኡሜሃራ የሚባሉት የቴክኒክ ኃላፊ ከእንግሊዙ ላንድሮቨር በክብር የማያንስ ስም ይሁን ብለው ላንድክሩዘር አሉት። ያን ጊዜ የገጠር መንገድ ጌታ ላንድሮቨር ነበራ! በ1948 ነው የወጣው፤ እኛም አገር የጥንት ሹፌሮች የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። ቀስ በቀስ ግን ጃፓኑ ነጠቀው። አውስትራሊያ ውስጥ ስኖዊ ተራሮች ላይ ትልቁ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲገነባ ኮንትራክተሮቹ ላንድክሩዘር አስመጡ፣ በዚያው ስሙ ተነሳ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቶዮታ በ1950ዎቹ መጨረሻ ይዞት የገባው ክራውን የሚባል የቤት መኪና ለሰፊው አውራ ጎዳና አቅም አነሰውና ከገበያ ወጣ። ኩባንያውን እዚያ አገር ያቆየው ላንድክሩዘር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ላንድክሩዘር አንድ መኪና አይደለም። ለሁለት የተከፈለ ቤት ነው፣ የከፈለውም ራሱ ቶዮታ ነው።

በ1960 የወጣው 40 የሚባለው ሞዴል ለሥራ የተሠራ ነበር፤ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት)፣ በቃ። በ1967 ግን ቤተሰብ የሚጭን 55 የሚባል ሰፊ መኪና መጣ። መንገዱ የተለያየው ያኔ ነው። የዚያ ልጆች 60፣ 80፣ 100 እያሉ በየጊዜው እየለሰለሱ ሄዱ። 80 ላይ ባሌስትራው ቀርቶ ሞላ (የተጠማዘዘ ስፕሪንግ) ገባ፣ 100 ላይ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነጥሩ ሆኑ፣ ቪ8 የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርም ላንድክሩዘር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያኔ በ1998 ነው። ከዚያ በ2007 የወጣው 200 ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ መስታወቱን አጥቁሮ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ መንገድ የሚያስለቅቀን። በ2021 የተተካው 300 ጭራሽ ቪ8 የለውም፤ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ክብደቱም 200 ኪሎ ያህል ቀንሷል። ፈላጊው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጃፓን ውስጥ ቶዮታ ራሱ በ2022 መጀመሪያ ላይ አሁን ያዘዘ ሰው እስከ አራት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል ብሎ አሳውቆ ነበር። ገዢው ወዲያው ለሌላ እንዳይሸጠው ፊርማ ሁሉ ያስፈርሙ ነበር። ሌባ ስለሚወደውም አንዳንዱን የጣት አሻራ ካላየ የማይነሳ አድርገው ሠርተውታል። ይህኛውን ቅንጦት ብትሉት ከእናንተ ጋር ነኝ፣ እንዲያውም አንሷል እላለሁ።

ሁለተኛው ወንድም ግን ሌላ ነው። 40 ጡረታ ሲወጣ በ1984 የተተካው 70 ነው። እኛ ሃርድቶፕ የምንለው ረጅሙ 78፣ ፒካፑ ደግሞ 79፣ ሁለቱም የእሱ ቤተሰቦች ናቸው። ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ፊቱን ትንሽ ነካ ነካ አደረጉት እንጂ አጥንቱ ያው ነው፤ ቻሲሱ ወፍራም፣ ከፊትም ከኋላም ሁለቱን ጎማ በአንድ ብረት የሚያያይዝ ግትር አክስል፣ ኋላው ባሌስትራ። ነጩ የተባበሩት መንግሥታት መኪና ረጅም አንቴናውን እያወዛወዘ ሲያልፍ የምታዩት እሱ ነው። የወረዳ አምቡላንስ የምታዩትም ብዙ ቦታ እሱ ነው። መጥፎም ሥራ ሠርቷል፣ አልክድም። በ1987 ቻድና ሊቢያ ሲዋጉ ቻዶች በቶዮታ ፒካፕ ታንክ እያሳደዱ ስላሸነፉ ጦርነቱ ራሱ የቶዮታ ጦርነት ተባለ። በየበረሃው ታጣቂ ሁሉ የሚጋልበውም ይህንኑ መኪና ነው። የማይሰበር ነገር ለማንም አይሰበርም።

ለምን አይሰበርም? ብዙው ምሥጢር ሞተሩ ነው። 1ኤችዜድ ይባላል፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ናፍታ። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው፣ ለዚህ ለሚያክል መኪና ምንም ማለት አይደለም። ዳገት ላይ አይሱዙ ሲቀድምህ አንገትህን ደፍተህ ትቀበላለህ። ግን ይነሳል። ሁልጊዜ ይነሳል።

አንድ ጊዜ ከዋናው መንገድ ርቀን ናፍታ ከበርሜል ቀድተን ወጣን። ናፍታው ውኃ ነበረበት። ትንሽ እንደሄድን የፊልተሩ መብራት በራ፣ ሞተሩ ይንገጫገጭ ጀመር፣ ቆመ። ዘመናዊ መኪና ቢሆን ጉዳችን ነበር፤ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ እስኪመጣ እዚያው ማደር ነው። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከናፍታ ፊልተሩ ሥር የውኃ ማውረጃ ቡሎን አለች፣ እሷን ላላ ሳደርጋት ውኃው ከነቆሻሻው ወረደ። መልሼ አጠበቅኳት። ከላይ ደግሞ በመዳፍ የምትጫናት ፓምፕ አለች፤ መጀመሪያ ልል ናት፣ አየሩ ሲወጣ እየጠነከረች ትመጣለች፣ አልገፋም ስትል በቃ ማለት ነው። ቁልፍ ሰጠሁት። ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። አብራን የነበረችው ነርስ ከክትባት ሳጥኗ ላይ እንኳ አልተነሳችም።

ክትባት ካልኩ አይቀር፣ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርቱን አሟልቷል ብሎ የተቀበለው የመጀመሪያው የክትባት ማመላለሻ ማቀዝቀዣ መኪና የተሠራው በዚሁ በ78 ላይ ነው። ኋላው ላይ 396 ሊትር የሚይዝ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል፤ ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ኃይል ሳያገኝ በራሱ ባትሪ 16 ሰዓት ያህል ይቆያል። እናንተ በዚያ ጽሑፍ «ቅንጦት» ያላችሁት ውስጥ ይህም አለበት ማለት ነው።

በእርግጥ ሃርድቶፑ መልአክ አይደለም። ስለምወደው ልዋሽለት አልፈልግም። የኋላው አግዳሚ ፊት ለፊት የሚያስተያይ ነው፣ ቀበቶ የሌለው ሞልቷል፣ መኪናው ቢገለበጥ ሰዉ እርስ በርሱ ነው የሚጋጨው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ኩርባ ላይ በፍጥነት ከገባህበት ይዞህ ይሄዳል። ባሌስትራው ደግሞ ለጭነት እንጂ ለሰው አልታሰበም፤ ምጥ የያዛት እናት ኮረኮንች ላይ ይዤ ስሄድ በየጉድጓዱ ስታቃስት እየሰማሁ ፍሬን ከመርገጥ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ጭሱም ጭስ ነው። አውስትራሊያ የጭስ ሕጓን ስታጠብቅ ይህን ሞተር ከ2007 ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ ማየት አቁማለች። በ2023 ቶዮታ 70ን 2.8 ሊትር ቱርቦ ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ገጥሞለት አድሶታል። ጥሩ መኪና ነው ይላሉ። እኔ ግን ያች የእጅ ፓምፕ የምትሠራውን ኮምፒውተር ይሠራዋል ብዬ አላምንም፣ ሽማግሌ ነው በሉኝ።

ደግሞ የኤሌክትሪኩን ነገር ታነሱ ይሆናል። ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ደግፋችሁ ጽፋችኋል። ከተማ ላይ እኔም አልቃወምም፤ ናፍታ ፍለጋ ማደያ ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ ሰው እንዴት ይቃወማል? ከአዳማ አዲስ አበባ የሚመላለሰው አለቃ በኤሌክትሪክ ይሂድ። ለገጠሩም ቢሆን በሩ ዝግ አይደለም። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ቢኤችፒ የሚባለው የማዕድን ኩባንያ ከቶዮታ ጋር በ2021 ባለ ባትሪ 70 ማዕድን ማውጫው ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ማዕድን ማውጫ ማታ ማታ የሚመለሱበት መሰኪያ አለው። ሃመር ወረዳ ላይ ያለች አምቡላንስ የት ትሰካ? የሃርድቶፑ ሁለት ሰልባትዮ 180 ሊትር ይይዛል፤ ቱርሚ ናፍታ ቢጠፋ ይዘኸው በመጣኸው ደርሰህ ትመለሳለህ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገርና ልጨርስ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ግቢው ውስጥ ቪ8ዎቹ በየጊዜው ዘይት ይቀየርላቸዋል፣ ይታጠባሉ፣ ጎማቸው አዲስ ነው። ጓሮ ዞር ስትሉ ሃርድቶፑ በድንጋይ ላይ ተሰቅሏል። የተበላሸው የፊት ኩሽኔታ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ገዝቶ ለማምጣት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግዢ ክፍሉ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ብሎ፣ ፊርማ ይጠበቅ ብሎ፣ ክረምት ሙሉ ቆመ። በዚያ ክረምት እዚያ መንገድ ላይ ሊገባ የሚችል ሌላ መኪና አልነበራቸውም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቀጣዩን ዘገባ ስትሠሩ «ይህን ያህል ላንድክሩዘር አላቸው» ብላችሁ አትለፉት። ስንቱ 200 እና 300 ነው? ስንቱ 78 እና 79 ነው? ከሁለተኛዎቹ ውስጥ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው ስንቱ ነው? መልሱን ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮ አትጠብቁ። በጓሮ በር ግቡና ሹፌሮቹን ጠይቁ፣ ሻይ ከጋበዛችኋቸው ሁሉንም ይነግሯችኋል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ