የሴባስቶፖል የአፉ ስፋት ስንት ነው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የቶርኖ ባለሙያ ሲሆን፣ ጊዜውን የሚያሳልፈው ትንንሽ አዳፍኔ (ጥይቱን ሽቅብ የሚወረውር አጭር መድፍ) በመሥራት ነው። ቀልድ አይደለም። ጋራዡ ውስጥ ይቀርጻቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመዱ እርሻ ላይ ወስዶ በባሩድ ይተኩሳቸዋል። ጥይቱ የጎልፍ ኳስ ነው።

መጀመሪያ ሳየው «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» ብያለሁ። አሁን እኔም ለምጄዋለሁ። ደስ የሚለው ኳሷን በዓይን መከተል መቻሉ ነው። ድው ይላል፣ ነጭ ጭስ ይሸፍነናል፣ ከጭሱ በላይ ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የቆመች መስላ ቁልቁል ትመለሳለች። እዚሁ ዊንቸስተር አጠገብ፣ ፎርት ሸናንዶዋ ላይ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን አዳፍኔ የሚወዳደሩ ማኅበርተኞችም አሉ።

የጎረቤቴ ሥራዎች የኮሆርን ቅጂዎች ናቸው። ኮሆርን የ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መሐንዲስ ነበር፤ ጥቂት ወታደሮች ተሸክመውት የሚሄዱ ቀላል አዳፍኔ የፈለሰፈ። ሰውዬው ከሞተ 300 ዓመት አልፏል። የአዳፍኔው ልኬት ግን በየመጽሐፉ ስላለ ቶርኖ ያለው ሁሉ አሳንሶ ይሠራዋል።

አንድ ቅዳሜ ጉራዬ መጣ። «የእኛ ንጉሥ ያሠሩትን ብታይ!» ብዬ የሴባስቶፖልን ፎቶ አሳየሁት። ስለ አፄ ቴዎድሮስ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አቅልጡ ስለተባሉት ሚስዮናውያን፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተራራ እየተቆረጠ ወደ ስድስት ወር ስለተጎተተበት መንገድ ነገርኩት። ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ። እሱ ፎቶውን ቀረብ አድርጎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የአፉ ስፋት ስንት ነው?

ዝም አልኩ።

ማታውን መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ጽሑፍ መድፉ 7 ቶን ነው ይላል። ሌላው 70። አሥር እጥፍ! ነሐስ በሜትር ኩብ 9 ቶን ገደማ ይመዝናል። 70 ቶን ማለት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ማለት ነው። ፎቶውን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል። ግን 70ው እስከ ዛሬ ይደጋገማል። ትልቅ ቁጥር ደስ ስለሚል ነው መሰለኝ። ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ 7 ቶን በገደል መጎተቱ ይበቃኛል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የሴባስቶፖል ልኬት መዝገብ ቤታችሁ ካለ ማንም በቀላሉ በሚያገኝበት ቦታ አውጡልን። ከሌለ ሜትርና ጥሩ ካሜራ የያዙ ሁለት ባለሙያዎች ወደ መቅደላ ላኩ። ቁመቱ፣ የአፉ ስፋት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ ባሩዱ የሚለኮስባት ቀዳዳ የት ጋ እንደሆነች። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያ ለዓይን ጥሩ ነው፤ በአምሳያ ላይ ሜትር ዘርግቶ ግን ስለ ዋናው መናገር አይቻልም።

አገር ቤት ባሩድ ይተኮስ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጆሯችን ተኩስ ጠግቧል። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግን ከልኬቱ ተነሥተው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ መለኮሻ ቀዳዳ የሌለው ትንሽ ሴባስቶፖል ቢሠሩ ምን ይጎዳል? ቶርኖ መማሪያው ሁልጊዜ ብሎን ብቻ ከሚሆን።

ጎረቤቴ ነሐሱን ገዝቶ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ቁጥሩ መጣ?» ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
መልሳችሁን የሚጠብቅ ከቨርጂኒያ